ጽጌረዳችን ሳይጠወልግ ይደርሳል፤ ሥዕላችን ለምን ተሰብሮ ይደርሳል?

ዛሬ ከሰሞኑ ወሬ ትንሽ ዞር ልበልና ስለ መስታወት ላውራችሁ። ስለ መስታወትና ስለ አንድ ስህተት። ስህተቱ የሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ እጽፈው ነበር፤ የራሴ ስለሆነ ዓመት ሙሉ ዘገየሁ።

የምኖረው ጦር ኃይሎች ነው። ባቡሩ ሰው አራግፎ ወደ አያት ከሚመለስበት ጣቢያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለ ሰፈር። ከግቢያችን ሁለት በር አለፍ ብሎ አንድ ሠዓሊ ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን በማስተማር አሳልፈው፣ ጡረታ ሲወጡ ሙሉ ቀናቸውን ለሥዕል የሰጡ ሰው ናቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ አደራ ስላሉኝ ሰፈር ውስጥ እንደምጠራቸው እዚህም "ጋሼ" እላቸዋለሁ።

ጋሼ የሚሥሉት በከሰል፣ በወረቀት ላይ ነው። የከሰል ሥዕል እጅጌ እንኳ ቢነካው ይለቃል። ስለዚህ ፍሬምና መስታወት የግድ ነው። አምና ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር አንዲት እህታችን በስልክ አይታ ከሥራዎቻቸው ትልቁን በ3,000 ዶላር ገዛች። ወርዱ 1 ሜትር፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ40። እናታቸው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው ጥጥ ሲፈትሉ ያሳያል። ሰባት ወር የፈጀ ሥራ ነው።

"አንተ ልጅ፣ ጋዜጠኛ አይደለህ? አገር ታውቃለህ። ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚላከው?" አሉኝ።

አላውቅም ማለት ነበረብኝ። ጋዜጠኛ ግን "አላውቅም" ማለት ይከብደዋል። "ይተዉት ጋሼ፣ እኔ አለሁ" አልኩ።

እንዲህ አደረግን። መጀመሪያ በብርድ ልብስ ጠቀለልነው። በላዩ ላይ ልጆች እየተጫወቱ የሚያፈነዱትን ባለ ፊኛ ፕላስቲክ ሁለት ዙር አዞርንበት። ከዚያ የቴሌቪዥን ካርቶን ፈልገን አስገባነው፣ በስኮች አጣበቅነው፣ በቀይ ማርከር አራት ቦታ ላይ "ተሰባሪ" ብዬ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፍኩበት። የመጨረሻውን ምክር የሰጠሁትም እኔ ነኝ፤ "ቆሞ ሄዶ ከሚወድቅ፣ ተኝቶ ይሂድ" አልኩ። ተኝቶ ሄደ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ፎቶ ደረሰን። መስታወቱ ከመሃሉ ተነሥቶ እንደ ሸረሪት ድር ተሰንጥቋል። ይሄ ብቻ ቢሆን መስታወት ነው፣ ይለወጣል። ግን ስብርባሪው በቀረው መንገድ ሁሉ ወረቀቱ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲንሸራተት ነው የከረመው። የእናታቸው እንዝርት የያዘ እጅ ላይ ሦስት ረጃጅም ጭረት ወጥቷል። አንደኛው ወረቀቱን በስቶ አልፏል።

አባቶች "ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ" ይላሉ። ፎቶውን ለጋሼ ሳሳያቸው ግን ያሉት ሌላ ነው። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና "ፊቷን አልነካትም" አሉ።

በኪሎ የሚመዘን እናት

ወደ ላክንበት ድርጅት ሄድኩ። የድርጅቱ ስም ለዛሬው ጉዳይ አስፈላጊ አይደለም፤ ሌላ ቦታም ብሄድ የምሰማው ያንኑ ነበርና። ሠራተኛዋ ትሑት ነች።

"ወንድሜ፣ ስትልኩ የዕቃውን ዋጋ ሰነዱ ላይ አስመዝግባችኋል?"

"አላስመዘገብንም።"

"መድን ገብታችኋል?"

"አልገባንም።"

"እንግዲያው የሚታሰበው በኪሎ ነው።"

በኪሎ! እንደ ሽንኩርት። ተናድጄ ወጣሁ። ማታ ቁጭ ብዬ ሳነብ ግን ያናደደችኝ ልጅ አንድም ስህተት አልተናገረችም።

ዓለም አቀፍ የአየር ጭነትን የሚገዛው እ.ኤ.አ. በ1999 የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት ነው፤ ኢትዮጵያም ፈራሚ ናት። ስምምነቱ ለጠፋ ወይም ለተበላሸ ጭነት የአጓጓዡን ኃላፊነት በክብደት ይገድበዋል። ጣሪያው እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2024 መጨረሻ ጀምሮ ለአንድ ኪሎ 26 ኤስ ዲ አር ነው። ኤስ ዲ አር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሚጠቀምበት የሒሳብ መለኪያ ሲሆን አንዱ ከአንድ ዶላር ጥቂት ይበልጣል። የጋሼ ጭነት 24 ኪሎ ነበር። 24 ጊዜ 26፣ 624 ኤስ ዲ አር። ከ800 ዶላር እምብዛም የማይርቅ ገንዘብ ማለት ነው። ለሰባት ወር ሥራ፣ ለ3,000 ዶላር ሥዕል።

እሱም ቢሆን ጣሪያው ነው እንጂ የሚሰጥ ገንዘብ አይደለም። ያው ስምምነት ጉዳቱ የደረሰው በላኪው የአስተሻሸግ ጉድለት መሆኑን አጓጓዡ ካስረዳ ከተጠያቂነት ነፃ ነው ይላል። ያሸግነው ደግሞ እኛ ነን። ብርድ ልብስ! በዚያ ላይ የተበላሸ ጭነት ቅሬታ በጽሑፍ መቅረብ ያለበት ዕቃው ከደረሰ በ14 ቀን ውስጥ ነው። እኛ "ምን ይሻላል" ስንባባል ቀኑ አልፏል። ያገኘነው ካሳ ዜሮ ነው።

ይህን የምጽፈው አጓጓዦችን ለመውቀስ አይደለም። ሕጉ አንድ ቀላል መውጫ ትቶልን ነበር፤ ስትልክ ዋጋውን ሰነዱ ላይ አስመዝግብ፣ ጭማሪ ክፈል፣ ያኔ የኪሎው ጣሪያ ይነሣል፣ ያስመዘገብከው ዋጋ ነው ጣሪያው። አንድ መስመር መሙላት ነበር። ማንም አልነገረን፣ እኛም አልጠየቅንም።

መስታወት ለምን ይሰበራል?

የጥፋቴ ትልቁ ማስተኛቴ ነው። ነገሩ ሲገባኝ ያፈርኩት በሌላ ምክንያት ነው፤ መልሱ በየቀኑ ዓይኔ ሥር ያልፍ ነበር። የመስኮት መስታወት የጫነ መኪና አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከኋላ እንደ ድንኳን ሾጠጥ ያለ ብረት ተተክሎ መስታወቱ ሁለቱን ጎን ተደግፎ ቆሞ ነው የሚሄደው። የአሉሚኒየም ቤት ልጅ መስታወት አስተኝቶ አይጭንም። የተኛ መስታወት መሃሉ ይረግባል። መኪናው ጉድጓድ ሲገባ ወይም ላዩ ላይ ሌላ ዕቃ ሲጫን ይጎብጣል፣ መስታወት ደግሞ መጉበጥ አይወድም። የቆመ መስታወት ግን ምቱን በጠርዙ በኩል ወደ ታች ያሳልፈዋል፤ በዚያ አቅጣጫ ጠንካራ ነው።

ሁለተኛው ክብደቱ ነው። መስታወት በየሚሊሜትሩ ውፍረት ለአንድ ካሬ ሜትር 2.5 ኪሎ ይመዝናል። የጋሼ ሥዕል 1.4 ካሬ ሜትር፣ መስታወቱ 3 ሚሊሜትር ነው። አስሉት፤ 10.5 ኪሎ። ይህን ያህል ክብደት በአራት ቀጫጭን እንጨትና በማዕዘን ምስማር ብቻ ተይዞ ነው ውቅያኖስ የሚሻገረው። ፍሬሙ ትንሽ ከተላቀቀ መስታወቱ ለሥዕሉ ጠላት ይሆናል።

ስለዚህ በዚህ ሙያ የሚኖሩ ሰዎች የመጀመሪያ ምክራቸው አጭር ነው፤ መስታወቱን አትላክ። አውልቀህ ላክ፣ ተቀባዩ እዚያው ያስገጥም። ሁለተኛው ምርጫ ፕሌክሲግላስ በሚባለው ፕላስቲክ መለወጥ ነው። ክብደቱ ከመስታወት ግማሽ ያህል ነው፣ ተሰብሮም እንደ መስታወት አይበተንም። ግን ይህም የራሱ ጣጣ አለው። ፕላስቲኩ ሲታሸት ኤሌክትሪክ ይይዝና ብናኝ ወደ ራሱ ይስባል። የከሰልና የፓስቴል ሥዕል ደግሞ ራሱ ብናኝ ነው፤ ከወረቀቱ ላይ ያነሣዋል። ለውሃ ቀለም፣ ለፎቶና ለኅትመት ግን ጥሩ ነው።

መስታወቱ የግድ አብሮ ይሂድ ከተባለስ? እኔ ካነበብኩትና ኋላ ላይ ከአንድ አናጢ ጋር ሆኜ ከሠራሁት ላካፍላችሁ።

1. መስታወቱ ላይ በቀላሉ የሚላጥ ማስኪንግ ቴፕ በመስቀልኛና በትይዩ ለጥፉ። ቴፑ መስታወቱን ከመሰበር አያድነውም፤ ሲሰበር ግን ስብርባሪውን ይዞ ሥዕሉ ላይ እንዳይወርድ ያደርጋል። ፍሬሙን አይንካ፣ ቀለሙን ይዞ ይነሣል። ብርሃን የማያንጸባርቅ ቅብ ባለው ውድ መስታወትና በፕሌክሲግላስ ላይ ደግሞ ጨርሶ አትለጥፉ።

2. በሥዕሉና በመስታወቱ መካከል ክፍተት ይኑር። ፍሬም ሠሪዎች ፓስፓርቱ የሚሉት የወፍራም ወረቀት ክፈፍ ለውበት ብቻ የገባ አይደለም፤ መስታወቱ ሥዕሉን እንዳይነካ ነው።

3. አራቱን ማዕዘን ለብቻ ሸፍኑ። ፍሬም ሲወድቅ የሚያርፈው በማዕዘኑ ነው።

4. ባለ ፊኛውን ፕላስቲክ ፊኛው ወደ ውጭ እንዲሆን አድርጋችሁ ጠቅልሉ፤ ወደ ውስጥ ከሆነ ክብ ክብ ምልክቱን ፍሬሙ ላይ ይተዋል። ከሥሩ ለስላሳ ንጹሕ ወረቀት ይቅደም።

5. ካርቶን ለትልቅ ሥዕል አይበቃም። ከኮምፔርሳቶ ሣጥን ይሠራ፤ በሥዕሉና በሣጥኑ መካከል በስድስቱም ጎን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠንካራ ስፖንጅ ይግባ። ሥዕሉ በውስጡ መንቀሳቀስ የለበትም። ነቅነቅ ስታደርጉት ድምፅ ከተሰማ አልተጠናቀቀም።

6. ሣጥኑ በምስማር ሳይሆን በቪቴ ይዘጋ። ጉምሩክ ከፍቶ ማየት መብቱ ነው። በካቻቢቴ የተከፈተ በካቻቢቴ ይዘጋል፤ በመዶሻ የተገነጠለ ግን እንደነበረ አይመለስም። ክዳኑ ውስጥ ሥዕሉ እንዴት እንደተቀመጠ የሚያሳይ ፎቶ ለጥፉ፤ የፈተሸው ሰው በቦታው እንዲመልሰው።

7. ቀስቱን ወደ ላይ፣ የብርጭቆ ምልክቱን በሁሉም ጎን። ሲመታ ወይም ሲጋደም ቀለሙን የሚለውጥ ስቲከር ካገኛችሁ ደግሞ እሰየው፤ ሥዕሉን ባያድንም ምስክር ይሆናል።

እንጨቱ ላይ ልብ በሉ። ወደ ውጭ የሚሄድ ሣጥን ከጣውላ ወይም ከሞራሌ ከተሠራ፣ ተባይ እንዳይሻገር እንጨቱ እስከ እምብርቱ 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ለ30 ደቂቃ ማግኘትና የስንዴ ዘለላ ያለበት ዓለም አቀፍ ማኅተም መያዝ አለበት። ማኅተም የሌለው ሣጥን እዚያ ሲደርስ ሊመለስ ወይም ሊቃጠል ይችላል። ኮምፔርሳቶ በፋብሪካ ሙቀትና ሙጫ ያለፈ ስለሆነ ይህ ግዴታ የለበትም። ብልህ አናጢ ሣጥኑን ከነማጠንከሪያው በኮምፔርሳቶ ይጨርሰዋል።

ሒሳቡንም አስቀድማችሁ አስቡ። የአየር ጭነት የሚከፈለው በሚዛን ብቻ አይደለም፤ በሚይዘው ቦታም ነው። ርዝመት በወርድ በከፍታ በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ6,000 ይካፈላል፤ ፈጣን መልእክት አድራሾች ዘንድ ብዙ ጊዜ ለ5,000። 150 በ115 በ20 የሆነ ሣጥን 57.5 ኪሎ ነው የሚባለው፣ በሚዛን 30 ቢሆንም። ይህን ሳያውቅ ዋጋ የተስማማ ሠዓሊ ልዩነቱን ከኪሱ ይከፍላል።

ተቀባዩም ሥራ አለበት። ሣጥኑን ሳያይ "በደህና ደርሶኛል" ብሎ አይፈርም፤ ከፈረመ ፊርማው ራሱ ማስረጃ ይሆንበታል። ከውጭም ከውስጥም ፎቶ ያንሣ። ደግሞም አይቸኩል፤ ከቀዝቃዛ የአውሮፕላን ሆድ የወጣ ሣጥን ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ አንድ ቀን ሳይከፈት ቢያርፍ ከመስታወቱ ሥር ጤዛ አይቋጠርም።

ድሮ እናውቅበት ነበር

የሚገርመኝ ይህ ሁሉ ለእኛ አዲስ አለመሆኑ ነው። እንቁላል በገለባ አድርጎ ከገጠር ገበያ ድረስ በአህያ ያለ አንድ ስንጥቅ የሚያመጣ ሕዝብ ነን። የብራና መጽሐፎቻችን ማኅደር አላቸው፤ በልካቸው የተሰፋ የቆዳ ቤት፣ ማንገቻ ያለው። መነኩሴው አንግቶት ተራራ ይወጣል ይወርዳል፣ መጽሐፉ ግን ዝናብም ፀሐይም አያየውም። የድሮ ሠዓሊዎቻችን ደግሞ ሥዕልን በሁለትና በሦስት ተከፋች እንጨት ላይ ይሥሉ ነበር። ሲጸለይ ይከፈታል፣ ጉዞ ሲሆን ይዘጋል፤ መዝጊያዎቹ ቀለሙን ይጠብቁታል። ሥዕሉና ሣጥኑ አንድ ነበሩ።

ኩርዓተ ርእሱ የሚባለውን ሥዕል ነገሥታቱ ጦር ሜዳ ድረስ ይዘውት ይሄዱ ነበር። ያ ሥዕል ከአገር የወጣው ግን በሌላ ጉዞ ነው። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም መቅደላ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ፣ ከጦሩ ጋር የመጣ የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ወሰደው። ሥዕሉ ዛሬም አገሩ አልገባም። የመቅደላን ዘረፋ ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጋ በቅሎ እንዳስፈለገ ይነገራል። የሚዘርፍ ሰው እንኳ የወሰደው ዕቃ ዋጋ ስለገባው ለመጓጓዣው ተጨንቋል።

በኋላም ቢሆን ስንፈልግ ችለናል። እ.ኤ.አ. በ1937 ጣሊያን የወሰደችው የአክሱም ሐውልት ሲመለስ፣ ወደ 24 ሜትር የሚጠጋው ድንጋይ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን በሦስት ጉዞ ሚያዝያ 1997 ዓ.ም አክሱም አረፈ። ነሐሴ 2000 ዓ.ም በቦታው ቆሞ ተመረቀ። ድንቅነሽም በ1999 ዓ.ም ወደ አሜሪካ ሄዳ በ2005 ዓ.ም ተመለሰች። ያኔ "እንዲህ ያለ የማይተካ አጽም መጓዝ የለበትም" ያሉ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ክርክሩ ራሱ ተገቢ ነበር። የአፈወርቅ ተክሌ የአፍሪካ አዳራሽ መስታወት 150 ካሬ ሜትር ነው። በ1953 ዓ.ም ከተመረቀው አዳራሽ ጋር ስንት መንግሥት አይቶ፣ በባለሙያ ታድሶ ጥቅምት 2017 ዓ.ም አዳራሹ ዳግም ሲከፈት ብርሃን እያሳለፈ ነው።

አያችሁ? ነገሩ አገራዊ ሲሆን ባለሙያ ይጠራል፣ መድን ይገባል፣ ሣጥን ይሠራል። የአንድ ጡረተኛ ሠዓሊ ሲሆን ብርድ ልብስና ስኮች ይበቃዋል እንላለን።

"ሰው ዳቦ ባጣበት…"

ይህን ሐሳብ ሳነሣ አንድ ወዳጄ "ወንድሜ፣ ሰው ዳቦ ባጣበት አገር ስለ ሥዕል ማሸጊያ ታወራለህ?" አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለኝ።

ዳቦ ከየት ይመጣል? ዶላር ከሚያመጣ ሥራም ይመጣል። አበባን አስቡ። ጽጌረዳ እንደ ሥዕል ለሆድ የሚሆን ነገር አይደለም። ግን ከሆለታና ከዝዋይ እርሻ ተቆርጦ፣ ወዲያው ቀዝቅዞ፣ በልኩ በተሠራ ካርቶን ተደርድሮ፣ በማቀዝቀዣ መኪና ቦሌ ደርሶ፣ አውሮፓ ገበያ ላይ ቅጠሉ ሳይጠወልግ ይገኛል። ዛሬ በአበባ ኤክስፖርት ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥለን ሁለተኛ ነን። ይህ በተአምር አልመጣም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ "አንድ የተቀጠፈ ቅጠል ስንት ብር ያከስረኛል?" ብሎ አሰበ። ከዚያ ካርቶን ሠሪው፣ ሹፌሩ፣ የካርጎ ሠራተኛው፣ ባንኩ ሁሉ ቦታ ቦታቸውን ያዙ።

ለሥዕል ይህን ያሰበ የለም። ሠዓሊ ግን አለን። በ1950ዎቹ ዓ.ም መባቻ በአለ ፈለገ ሰላም የተመሠረተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ዛሬም ተማሪ ያስመርቃል። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ በቬኒስ ቢየናሌ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ድንኳን ይዛ ስትቀርብ የተስፋዬ ኡርጌሳ ሥራዎች ዓለም ፊት ቆሙ። ገዢም አለ፤ ስልኩ ላይ አይቶ "ይሄን እፈልጋለሁ" የሚል ወገን በየአገሩ ሞልቷል። የጎደለው በሠዓሊውና በገዢው መካከል ያለው መንገድ ነው። ጋለሪ ያለው ሠዓሊ ጋለሪው ያሽግለታል። ጋለሪ የሌለው እንደ ጋሼ ያለው፣ እንደ እኔ ያለ አዋቂ ነኝ ባይ እጅ ላይ ይወድቃል።

ታዲያ ምን ይደረግ? እንደ እኔ ማንም ሚሊዮን ብር በጀት መጠየቅ የለበትም።

ፍሬም ሠሪዎች፦ ፍሬሙን የሠራ ሰው ሣጥኑንም መሥራት ይችላል። እንጨቱ አለ፣ መጋዙ አለ፣ ልኩ በእጁ ነው። "ለጉዞ የሚሆን ሣጥን እንሠራለን" የሚል አንድ ሰሌዳ ቢሰቅል በቀጣዩ ሳምንት ደንበኛ ያገኛል።

አጓጓዦች፦ አንድ ጥያቄ ብቻ ልለምናችሁ። ዕቃ ስትቀበሉ "ዋጋውን ታስመዘግባላችሁ?" በሉ። ዕቃው ከተሰበረ በኋላ የምትጠይቁትን ጥያቄ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

መድን ድርጅቶች፦ የጭነት መድን ትሸጣላችሁ። እኔ ሁለት ቦታ ጠይቄ የተሰጠኝ መልስ "የሥዕሉን ዋጋ ማን ያረጋግጥልናል?" የሚል ነው። እውነት ነው፣ ከባድ ጥያቄ ነው። ግን የሠዓሊያን ማኅበራትና የሥነ ጥበብ መምህራን አሉ። ቁጭ ብላችሁ ዋጋ ገማች ብትሰይሙ ለእናንተም አዲስ ገበያ ነው።

የቅርስ ባለሥልጣን፦ ቅርስ እንዳይወጣ መጠበቃችሁን ማንም አይቃወምም፤ መቅደላን የሚያውቅ ሰው እንዴት ይቃወማል? ላኪዎች ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ሥዕሉ ቅርስ አለመሆኑን የሚገልጸውን ማረጋገጫ ሣጥኑ ከመዘጋቱ በፊት አውጡ። ባለሥልጣኑም አሠራሩን ቀላል በሆነ አማርኛ በአንድ ገጽ ጽፎ ቢያሰራጭ ብዙ ሣጥን ኤርፖርት ላይ ሁለት ጊዜ ከመከፈት ይድናል።

"እኔ ሥዕል የለኝም፣ ምን አገባኝ?" የምትል አንባቢም አለህ። በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ስንት ቤተሰብ ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ ሰፈር ቀየረ? የሠርግ ፎቶ፣ የአባት ምስል፣ የልጅ ምርቃት፣ ሁሉም ባለ መስታወት ነው። ነገ ስትጫን ቢያንስ ሦስት ነገር አስታውስ፤ ቁም እንጂ አታስተኛ፤ ሁለት ፍሬም ስትገጥም ፊት ለፊት ወይም ጀርባ ለጀርባ ይሁን፣ የአንዱ ማንጠልጠያ የሌላውን መስታወት እንዳይመታ፤ መሃላቸው ካርቶን አስገባ። ለጫኝና አውራጁም ቀድመህ ንገረው፤ ጨዋ ሰው ነው፣ ካወቀ ይጠነቀቃል።

የጋሼ ሒሳብ

የሥዕሉ ነገር እንዴት አለቀ? ገዢዋ ጨዋ ነች። "ጋሼ፣ ግድ የለም፣ እንዲሁ እሰቅለዋለሁ፣ ገንዘቡን እንዳይመልሱ" አለች። ጋሼ ግን እሺ አላሉም። "ያልደረሰ ዕቃ አይሸጥም" ብለው፣ ለቤታቸው ጣሪያ ያሰቡትን ገንዘብ አዲስ አበባ ላሉት እናቷ ወስደው አስረከቡ። ግማሹን እኔ ልክፈል ብዬ ለመንኳቸው። "አንተ ምን አለህ?" ብለው ሳቁብኝ። እውነታቸውን ነው፤ ፍሪላንሰር ነኝ።

በዚህ ክረምት ጣሪያቸው ሲያፈስ ባልዲ ሳቀርብ የሰማሁት ድምፅ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ።

ከሁለት ወር በፊት ሌላ ሥዕል ተሸጠ። አሁን "አላውቅም" ብዬ ጀመርኩ። የሰፈራችን አናጢ ሣጥኑን ከኮምፔርሳቶ ሠራ፣ በቪቴ ዘጋው። ሥዕሉ ያለ መስታወት፣ ያለ ፍሬም፣ ብናኙ በሚረጭ ማጣበቂያ ረግቶ፣ ፊቱን የማይነካ ክፈፍ ገብቶለት በሁለት ጠንካራ ሰሌዳ መካከል ተቀመጠ። ዋጋውን ሰነዱ ላይ አስመዘገብን፣ ጭማሪውን ከፈልን። ቆሞ ሄደ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ፎቶ መጣ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ከዳር እስከ ዳር ፈተሹት።

"ደረሰ?" አልኳቸው።

"ደረሰ" አሉና ስልኬን መለሱልኝ። "አሁን ጻፈው፤ ሌላው ሰው በእኛ ይማር።"

ጻፍኩት። ሥዕል ለመላክ የሚያስብ የምታውቁት ሰው ካለ አድርሱለት። በዚህ የተሻለ ልምድ ያላችሁ፣ በተለይ አናጢዎች፣ ፍሬም ሠሪዎችና የካርጎ ባለሙያዎች፣ የሳትኩት ካለ አርሙኝ።

ቸር እንሰንብት።